ዐሥሩ መዓርጋትና የሸዋ የሃይማኖት ክርክር

ከጣርማበር ተነሥቶ በመዘዞ በኩል ወደ ሞላሌና ወደ መሐል ሜዳ የሚዘልቀው የመንዝ ደጋ በታሪክ መጻሕፍት ውስጥ ስሙ የሚነሣው በአብዛኛው ከነገሥታት ትውልድ ጋር ተያይዞ ነው፤ የሸዋን ነገሥታት ሐረግ የጀመረው ነጋሲ ክርስቶስ የተነሣው ከመንዝ፣ ከአጋንቻ ነውና። ይሁን እንጂ መንዝን፣ ግሼንና መርሐቤቴን ይዞ እስከ ተጉለትና እስከ ደብረ ብርሃን የሚደርሰው ይህ ከፍተኛ አገር ከነገሥታቱ ታሪክ የማይተናነስ ሌላ ታሪክ አለው። ስለ ክርስቶስ አካልና ባሕርይ የተነሡ ጥያቄዎች ካህናትን ከካህናት፣ ካህናትንም ከነገሥታት ጋር ያጋጩት በዚሁ አገር ሲሆን፣ በዝምታ፣ በጾምና በእንባ እግዚአብሔርን ወደ ማየት የሚያደርሰው መንገድ ደረጃ በደረጃ ተለይቶ በመጻሕፍት የተነበበውና በገዳማት የተሞከረውም እዚሁ ነው። የሃይማኖት ትምህርትና መንፈሳዊ ተመስጦ እንዴት አብረው እንደኖሩ፣ የት ላይ እንደተደጋገፉና የት ላይ እንደተቃረኑ ማወቅ፣ «ተገለጠልኝ» የሚለው ድምፅ በበዛበት በአሁኑ ዘመን ለማንኛውም አንባቢ ይጠቅማል።

የሃይማኖት ትምህርት ወይም ዶግማ ሲባል አንድ የእምነት ማኅበር እውነት ነው ብሎ የተቀበለውና ለምእመናኑ ሁሉ በአንድነት የሚያስተምረው መሠረተ እምነት ማለት ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ይህ ትምህርት ምሥጢረ ሥላሴ፣ ምሥጢረ ሥጋዌ፣ ምሥጢረ ጥምቀት፣ ምሥጢረ ቁርባንና ምሥጢረ ትንሣኤ ሙታን ተብለው በሚጠሩት በአምስቱ አዕማደ ምሥጢር ተጠቃልሎ ይሰጣል። ተመስጦ ደግሞ የሰው ልቡና በጸሎት ወይም በዝማሬ ተስቦ ከዙሪያው ነገር የሚለይበትና የእግዚአብሔርን ህላዌ ያለ መካከለኛ የሚቀምስበት ሁኔታ ነው። ቅዱስ ያሬድ በአፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር ንጉሡ ሳያውቅ በጦሩ እግሩን እንደወጋውና ሁለቱም ዜማው እስኪያልቅ ሕመሙንም ደሙንም እንዳላስተዋሉ የሚተርከው፣ በየደብሩ ግድግዳ ተሥሎ የሚታየው ታሪክ፣ ኢትዮጵያውያን ስለ ተመስጦ ያላቸውን ግንዛቤ ከሁሉ ይልቅ በግልጽ ያሳያል።

አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ዊልያም ጄምስ እ.ኤ.አ. በ1902 ባሳተመው ስለ ሃይማኖታዊ ልምድ ዓይነቶች በሚናገረው መጽሐፉ እንዲህ ያለውን ሁኔታ በአራት ምልክቶች ለይቶታል፤ ይኸውም በቃል ሊነገር አለመቻሉ፣ ለባለቤቱ እውቀት የሚሰጥ ሆኖ መታወቁ፣ ብዙ አለመቆየቱና ሰውየው ራሱ የሚያመጣው ሳይሆን የሚቀበለው ነገር መሆኑ ናቸው። ለጄምስ የሃይማኖት ሥር ይህ የግል ልምድ ሲሆን ትምህርቱና ሥርዓቱ ከዚያ በኋላ የሚበቅሉ ቅርንጫፎች ናቸው። ስቲቨን ካትዝ የተባለው ምሁር ግን እ.ኤ.አ. በ1978 ይህን ተቃውሞ፣ ማንም ሰው በተመስጦ የሚያየው ቀድሞ በተማረውና ባመነው ነገር የተቀረጸ እንደሆነ፣ ስለዚህም የአይሁዳዊው፣ የክርስቲያኑና የቡድሃ ተከታዩ ልምድ በመሠረቱ የተለያየ እንደሆነ ተከራከረ። ይህ ክርክር በምዕራቡ ዓለም የትምህርት ተቋማት ውስጥ እስከ ዛሬ አልተዘጋም። የኢትዮጵያ ሊቃውንት ጥያቄውን በዚህ መልክ አላነሡትም፤ መልስ ሊሆን የሚችል ነገር ግን በመጻሕፍተ መነኮሳት ውስጥ አስቀምጠዋል።

በቤተ ክርስቲያኒቱ የትርጓሜ ትምህርት አራት ጉባኤያት አሉ፤ ብሉያት፣ ሐዲሳት፣ ሊቃውንትና መነኮሳት። አራተኛው ጉባኤ የሚያጠናቸው ሦስት መጻሕፍት ፊልክስዩስ፣ ማር ይስሐቅና አረጋዊ መንፈሳዊ ይባላሉ። ሦስቱም የተጻፉት በሶርያ ቋንቋ ሲሆን፣ ወደ ዐረብኛ ተመልሰው በግብፅ ገዳማት በኩል ካለፉ በኋላ ወደ ግዕዝ ገብተዋል። ፊልክስዩስን ወደ ግዕዝ የመለሰው በ14ኛው ክፍለ ዘመን ጳጳስ የነበረው አባ ሰላማ መተርጉም እንደሆነ ሲነገር፣ የቀሩት የሁለቱ ትርጉም ደግሞ የሚያያዘው ከአፄ ልብነ ድንግል ዘመን ጋር ነው። መምህራኑ እነዚህን መጻሕፍት ከነአንድምታቸው ሲያስተምሩ የመንፈሳዊውን ሰው ጉዞ በሦስት ክፍል፣ ሦስቱን ክፍሎች ደግሞ በዐሥር መዓርጋት ይከፍሏቸዋል። አከፋፈሉ ከሥጋ ወደ ነፍስ፣ ከነፍስ ወደ መንፈስ የሚል ጥንታዊ የሶርያ ሥር ያለው ሲሆን፣ የአፓምያው ዮሐንስ የተባለው መምህር በ5ኛው ክፍለ ዘመን ያስተማረው ነው።

የመጀመሪያው ክፍል ንጽሐ ሥጋ ይባላል፤ የወጣንያን ማለትም የጀማሪዎች ነው። በዚህ ውስጥ ሦስት መዓርጋት አሉ። ጽማዌ ከዓለም ወሬ ተለይቶ በአርምሞ መኖር ነው፤ ልባዌ የሚነበበውንና የሚታየውን ፍጥረት በማስተዋል መመልከት ነው፤ ጣዕመ ዝማሬ ደግሞ አፍ ሲጸልይ ልቡና ወዲያና ወዲህ መባዘኑን ትቶ የጸሎቱን ጣዕም መቅመስ ሲጀምር የሚገኝ ነው። ሁለተኛው ክፍል ንጽሐ ነፍስ ሲሆን የማእከላውያን ነው፤ አራት መዓርጋትን ይይዛል። የመጀመሪያው አንብዕ፣ ማለትም ስለ ራስና ስለ ሌላው ኃጢአት ወይም የጌታን ሕማም በማሰብ ያለ ግዳጅ የሚፈስስ እንባ ነው። ቀጥሎ ያለው ኩነኔ ነው፤ በዕለት ንግግር ቅጣትን የሚያመለክተው ይህ ቃል እዚህ ቦታ ላይ ነፍስ በሥጋ ላይ መሠልጠኗንና ሥጋ ለነፍስ ፈቃድ መገዛቱን ይገልጻል። ከዚያ ፍቅር ይከተላል። መምህራኑ ሲተረጉሙት ጻድቅና ኃጥእ፣ አማኒና መናፍቅ፣ ዘመድና ባዕድ ሳይሉ ሰውን ሁሉ አስተካክሎ መውደድ ነው ይላሉ። ከፍቅር በኋላ የሚመጣው ሑሰት ባሉበት ቦታ ሆኖ ሩቁን ማየት፣ በልቡና ወደ ሩቅ መድረስ ነው።

ሦስተኛው ክፍል ንጽሐ ልቡና የፍጹማን ነው። በዚህ ደረጃ የደረሰ ሰው በንጻሬ መላእክት መላእክት ሲወጡና ሲወርዱ ያያል፤ በተሰጥሞ በብርሃን ባሕር ውስጥ ይሰጥማል፤ በመጨረሻም አንዳንዶች ከዊነ እሳት፣ ሌሎች ነጽሮተ ሥሉስ ቅዱስ ብለው ወደሚጠሩት መዓርግ ይደርሳል። የመጨረሻው ስያሜ ቅድስት ሥላሴን ማየት ማለት ነው። እዚህ ላይ ልምዱና ትምህርቱ ምን ያህል እንደተሣሠሩ ይታያል፤ የጉዞው ፍጻሜ ስም የሌለው ብርሃን ወይም ሁሉን የሚውጥ ባዶነት አይደለም፤ ቤተ ክርስቲያን በመጀመሪያው ዐምደ ምሥጢር ለሕፃኑም ለአረጋዊውም የምታስተምረው አንድም ሦስትም የሆነው አምላክ ነው። ፍጹሙ መነኩሴ ያያል የተባለው ምእመኑ በእምነት የሚናገረውን ነው፤ አዲስ ትምህርት ይዞ አይመለስም።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ትኩረት የሚገባው ነገር ቅደም ተከተሉ ነው። ሰዎች ብዙውን ጊዜ የቅድስና ምልክት አድርገው የሚቆጥሩት የሩቅ ነገር ማየት የተቀመጠው በሰባተኛው መዓርግ ሲሆን፣ መላእክትን ማየት ስምንተኛው ነው፤ ከሁለቱም በፊት በስድስተኛው ላይ ፍቅር ቆሟል። ስለዚህ በመጻሕፍቱ መለኪያ መሠረት መናፍቅ ብሎ የሚጠላው ሰው ያለው መነኩሴ መልአክ አየሁ ቢል፣ ያየው ነገር ገና ያልደረሰበት መዓርግ ነው። ይህ ድንጋጌ የተጻፈው ለመነኮሳት ቢሆንም የሸዋን የሃይማኖት ታሪክ ለመመዘን የሚያስችል ሚዛን በውስጡ አለ፤ ወደዚያ ከመሄዳችን በፊት ግን መጻሕፍቱ ራሳቸው ከየት እንደመጡ ማወቅ ያስፈልጋል።

ማር ይስሐቅ በ7ኛው ክፍለ ዘመን በፋርስ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ በቤተ ቀጥራየ፣ ማለትም የዛሬዋ ቀጠር ባለችበት አካባቢ ተወልዶ፣ የነነዌ ኤጲስ ቆጶስ ሆኖ ከተሾመ ጥቂት ወራት በኋላ ሹመቱን ትቶ ወደ ገዳም የተመለሰ መነኩሴ ነው። አረጋዊ መንፈሳዊ የተባለው ዮሐንስ ሳባ በ8ኛው ክፍለ ዘመን በሰሜን ኢራቅ ተራሮች የኖረ ባሕታዊ ነው። ፊልክስዩስ የሚባለው መጽሐፍ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ523 ካረፈው ከመቡጉ ፊልክስዩስ ሲሆን፣ ምሁራን የሶርያውን ቅጂ መርምረው እንዳሳዩት የመጽሐፉ ዋና ምንጭ ዳዲሾዕ ቀጥራያ የተባለው የ7ኛው ክፍለ ዘመን መነኩሴ በአበው ታሪክ ላይ የጻፈው ማብራሪያ ነው። እነዚህ ሦስት ሰዎች፣ ይስሐቅ፣ ዮሐንስና ዳዲሾዕ፣ የምሥራቅ ቤተ ክርስቲያን ልጆች ነበሩ፤ ይህችም ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ431 በኤፌሶን ጉባኤ የተወገዘውን ንስጥሮስን እንደ መምህር የምታከብር፣ የተዋሕዶ ሊቃውንት ሃይማኖተ አበው በተባለው መጽሐፍ ትምህርት አጥብቀው የሚቃወሟት ናት።

በሌላ አነጋገር ስለ ክርስቶስ አንድ አካልና አንድ ባሕርይ ማንንም ሳትፈራ የምትከራከረው የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን፣ መነኮሳቷን ስለ ጸሎት የምታስተምርባቸውን ሦስት ታላላቅ መጻሕፍት የተቀበለችው በትምህርት ከማትስማማት ቤተ ክርስቲያን መነኮሳት ነው። ጉዞው ቀላል አልነበረም፤ የዳዲሾዕ ሥራ በተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በሚከበረው በፊልክስዩስ ስም ሲተላለፍ፣ በሌሎቹም ላይ ተርጓሚዎችና ገልባጮች እርማት አድርገዋል። ይህ መሆኑ መጻሕፍቱን አያሳንሳቸውም። ይልቁንም በዝምታ ውስጥ የተገኘ እውቀት በጉባኤ ውግዘት ተከልሎ የማይቀር መሆኑን ያሳያል፤ እውነትነቱን ያወቁ አባቶች ባለቤቱን ሳይጠይቁ ወይም ስሙን ለውጠው ወስደውታልና። የማር ይስሐቅን መጻሕፍት የግሪክ መነኮሳትም በኢየሩሳሌም አቅራቢያ በሚገኘው በቅዱስ ሳባ ገዳም ተርጉመው ለዘመናት ሲያነቧቸው ኖረዋል፤ የሮማ ሊቀ ጳጳሳት ፍራንሲስም እ.ኤ.አ. በኅዳር 2024 ይስሐቅን በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የቅዱሳን መዝገብ ውስጥ እንዲጻፍ አድርገዋል።

ዮሐንስ ሳባ ግን በገዛ ቤተ ክርስቲያኑ ሳይቀር ተከስሷል። የቤተ ክርስቲያኒቱ መሪ ካቶሊኮስ ጢሞቴዎስ ቀዳማዊ እ.ኤ.አ. በ780ዎቹ በጠራው ጉባኤ እግዚአብሔርን ስለ ማየት በጻፈው ምክንያት ትምህርቱ ተወገዘ፤ ውግዘቱ የተሻረው ከጢሞቴዎስ በኋላ በመጣው ካቶሊኮስ ዘመን ነው። ክሱ ፍጡር የሆነ ሰው የፈጣሪን ባሕርይ ማየት ይችላል ብሎ አስተምሯል የሚል ሲሆን፣ የዮሐንስ ጽሑፎች ግን የሚታየው ክብሩ ነው እንጂ ባሕርይው አይደለም በሚል ልዩነት ላይ ቆመዋል። ከእርሱ በኋላ ከአምስት መቶ ዓመታት በላይ ዘግይቶ ግሪኮች በቁስጥንጥንያ እ.ኤ.አ. በ1341 እና በ1351 በተደረጉት ጉባኤያት በጎርጎርዮስ ፓላማስ ትምህርት ላይ የተከራከሩት በዚሁ ነጥብ ነው፤ በእስልምናም ዓለም ሱፊው አል ሐላጅ እ.ኤ.አ. በ922 በባግዳድ የተገደለው በፖለቲካ ጠላትነትም ጭምር ቢሆን፣ በተመስጦ የተናገረው ቃል በፈጣሪና በፍጡር መካከል ያለውን ድንበር አፈረሰ በሚል ክስ ነበር። ከመንዝ ደጋ በስተምሥራቅ ባለው በይፋትና በስተሰሜን ባለው በወሎ የሰፈሩት የሱፊ ጠሪቃዎችም የመንዙማውን ጣዕምና የሸሪዓውን ወሰን አስተባብረው የያዙት ይህንኑ አደጋ አውቀው ነው።

የሸዋ የሃይማኖት ክርክር ከዚህ ጥያቄ የራቀ አይደለም፤ ምንም እንኳ ብዙ ጊዜ የቃላት ጠብ ብቻ ተደርጎ ቢቆጠርም። የክርክሩ መነሻ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ኢየሱሳውያን የተባሉት የካቶሊክ ሚስዮናውያን ያነሡት የክርስቶስ ባሕርይ ጥያቄ ነው። ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት አውጆ፣ ከብዙ ደም መፍሰስ በኋላ በ1624 ዓ.ም. ሃይማኖቱን ለሕዝቡ መልሶ ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲለደስ ከለቀቀ በኋላ ኢየሱሳውያኑ ቢባረሩም ጥያቄያቸው ቀረ። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 10 ላይ ክርስቶስ በመንፈስ ቅዱስ እንደተቀባ የሚናገረው ቃል እንዴት ይተርጎም? የክርስቶስ ሥጋ የከበረው በምንድን ነው?

ሦስት መልሶች ተሰጡ። በጎጃም በአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ወገኖች ዘንድ የተስፋፋው የቅብዐት ትምህርት ሥጋ የከበረው በመንፈስ ቅዱስ ቅብዐት ነው አለ። በአቡነ ተክለ ሃይማኖት ገዳም በደብረ ሊባኖስ የጸናውና በሸዋ የተስፋፋው የጸጋ ወይም የሦስት ልደት ትምህርት፣ ክርስቶስ ከአብ ቅድመ ዓለም፣ ከድንግል ማርያም ድኅረ ዓለም ከመወለዱ በተጨማሪ በመንፈስ ቅዱስ ሦስተኛ የጸጋ ልደት አለው አለ። ሦስተኛው፣ ካራ የሚል ስም የወጣለት የተዋሕዶ ወገን ሥጋ የከበረው ከመለኮት ጋር በመዋሐዱ በራሱ ነው፣ ወልድ ራሱ ቀቢ፣ ራሱ ተቀቢ፣ ራሱ ቅብ ነው ብሎ ሦስተኛ ልደት የሚባለውን አልተቀበለም።

ይህ ጉዳይ በዋሻ ተቀምጦ ለሚጸልየው መነኩሴ ምኑ ነው ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ መልሱን በዐሥሩ መዓርጋት ውስጥ ያገኘዋል። መነኩሴው በተሰጥሞ ብርሃን ውስጥ ሲገባ የሚቀበለው ክብር በመንፈስ ቅዱስ የሚሰጥ ጸጋ ነው፤ የክርስቶስ ሰውነት ክብርም እንዲሁ በጸጋ የተገኘ ከሆነ በቅዱሱ ሰውና በአምላክ ልጅ መካከል ያለው ልዩነት የመጠን ብቻ ይሆናል ብለው የተዋሕዶ ሊቃውንት ሰጉ። ክርስቶስ በተዋሕዶ የባሕርይ አምላክ ነው፤ ሰው ግን ምንም ያህል ቢበቃ የሚከብረው በጸጋ ነው፤ ይህ ድንበር ካልተጠበቀ አየሁ የሚል ሁሉ ራሱን ወደ አምላክነት ሊያስጠጋ ይችላል። በአንጻሩ የጸጋ ወገኖች የአዳም ልጅ ሁሉ የመንፈስ ቅዱስ ልጅነት ያጣ በመሆኑ ክርስቶስ ያንን ልጅነት በሥጋው ተቀብሎ ለእኛ መለሰልን ሲሉ ያሰቡት ስለ ሰው ድኅነት ነበር። ሁለቱም ወገኖች ከባድ ነገር ይዘው ነበር፤ ተዋሕዶው የድንበሩን ጉዳይ በትክክል አይቶታል፤ ይሁንና ድንበሩን ለማስጠበቅ የተወሰደው ርምጃ መጻሕፍተ መነኮሳት ከሚያስተምሩት ፍቅር ርቆ ሄደ።

የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በ1830ዎቹ ዓ.ም. የሦስት ልደትን ትምህርት በግዛታቸው አወጁ፤ ያልተቀበሉ ካህናትም ከየደብራቸው ተነሡ። በ1834 ዓ.ም. ከግብፅ የመጡት ጳጳስ አቡነ ሰላማ ይህን በመቃወማቸው በጳጳሱና በሸዋ ቤተ መንግሥት መካከል ረጅም ጠብ ተፈጠረ። በኋላ ደጃዝማች ካሳ ከአቡነ ሰላማ ጋር ተስማምተው ተዋሕዶን የመንግሥታቸው ሃይማኖት አደረጉ፤ አፄ ቴዎድሮስ ተብለው ከነገሡ በኋላም በ1848 ዓ.ም. ወደ ሸዋ ሲዘምቱ የሦስት ልደት ትምህርት እንዲቀር አዘዙ። በመጨረሻ አፄ ዮሐንስ አራተኛ የሸዋውን ንጉሥ ምኒልክን ልቼ ላይ ካስገበሩ በኋላ በግንቦት 1870 ዓ.ም. ወሎ ውስጥ በቦሩ ሜዳ ታላቅ ጉባኤ ጠሩ፤ ከእስክንድርያ የመጣ ደብዳቤ ተነበበ፣ የተዋሕዶ ወገን ረታ፣ የጸጋ ሊቃውንት ተወገዙ፣ እምቢ ያሉትም ከባድ ቅጣት ደረሰባቸው። በዚያው ጉባኤ የወሎ ሙስሊም መኳንንት እንዲጠመቁ ታዘዘ፤ በኋላ ንጉሥ ሚካኤል የተባሉት ኢማም መሐመድ ዓሊ የተጠመቁት ያን ጊዜ ነው፤ እንደ ሼህ ጠልሃ ያሉ ዑለማ ግን ለትጥቅ ተቃውሞ ተነሡ። ትምህርቱ አንድ ሆነ፣ ለዚህ አንድነት የተከፈለው ግን ብዙ ነው።

ለሌላው መንገድ፣ ማለትም በመደማመጥ ለሚገኝ አንድነት፣ ምሳሌውም ያለው በዚሁ በሰሜን ሸዋ ነው። አቡነ ኤዎስጣቴዎስ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ከእሑድ ጋር ቅዳሜም ሰንበት ሆና እንድትከበር በማስተማራቸው ወገኖቻቸው ከመቶ ዓመት ላላነሰ ጊዜ ከክህነት ተለይተው፣ አቡነ ኤዎስጣቴዎስም በስደት በአርመን አርፈዋል። አፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ1442 ዓ.ም. በተጉለት በደብረ ምጥማቅ በጠሩት ጉባኤ ግን የግብፅ ጳጳሳት ተስማምተው ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ ተወሰነ፤ የተለዩትም ወደ አንድነት ተመለሱ። የአካባቢው ትውፊት ደብረ ምጥማቅን ዛሬ ከየአቅጣጫው ምእመናን ከሚጎርፉባት ከጻድቃኔ ማርያም ጋር አንድ ያደርጋታል።

ያው ንጉሥ ዘርዐ ያዕቆብ ግን በደቂቀ እስጢፋኖስ ላይ የጨከነ ነው። ከአጋሜ ጉንዳ ጉንዶ የወጣው የአባ እስጢፋኖስ ማኅበር በድካም፣ በድህነትና በጸሎት ጥብቅ ሥርዓት ይኖር የነበረ ሲሆን፣ ለንጉሥ አንሰግድም በማለቱና ለድንግል ማርያምና ለመስቀል አይሰግዱም ተብሎ በመከሰሱ ብዙ ስቃይ ደርሶበታል። የዘርዐ ያዕቆብ ዜና መዋዕል እንደሚተርከው መነኮሳቱ በድንጋይ ከተወገሩ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ በመጋቢት 10 የመስቀል በዓል ዕለት፣ በሰማይ ላይ ብርሃን ታይቶ ለብዙ ቀናት ቆየ፤ ንጉሡም ይህን የእግዚአብሔር ምስክርነት አድርጎ ቦታውን ደብረ ብርሃን ብሎ ሰየመ፣ ቤተ ክርስቲያንም አነጸ። አንዳንድ ተመራማሪዎች ብርሃኑን እ.ኤ.አ. በ1456 ከታየው ከሃሌይ ጅራታም ኮከብ ጋር ያያይዙታል። ብርሃኑ ምንም ይሁን ምን፣ ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ የሚሆነው ትርጓሜው የተሰጠው በአሸናፊው መሆኑ ነው። ራእይ በራሱ አይናገርም፤ የሚናገርለት ሰው ያስፈልገዋል፤ ተናጋሪው ሥልጣን ያለው ሲሆን ራእዩ በተገፉት ላይ ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል። የተወገሩትን መነኮሳት ገድል ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ከግዕዝ ወደ አማርኛ መልሰው ማሳተማቸው ለኢትዮጵያ አንባቢ የተደረገ ታላቅ ውለታ ነው፤ ከዚያ በፊት ይሰማ የነበረው የአንዱ ወገን ምስክርነት ነበርና።

የበረሃ አባቶች ራእይ ሊያስት እንደሚችል አስቀድመው ያውቁ ነበር። በፊልክስዩስ ዙሪያ ከሚነገሩት የአበው ታሪኮች በአንዱ ሰይጣን የብርሃን መልአክ መስሎ ለአንድ መነኩሴ ገብርኤል ነኝ ብሎ ሲገለጥለት፣ መነኩሴው ለሌላ ተልከህ ተሳስተህ እንዳይሆን፣ እኔ መልአክ ሊላክልኝ የምገባ ሰው አይደለሁም ብሎ በትሕትና ይመልሰዋል፤ ሰይጣኑም ወዲያው ይጠፋል። መነኩሴው መልአኩን አልመረመረም፣ ለማስወጣትም አልተጋደለም፤ ራሱን ዝቅ በማድረግ ብቻ አሸነፈ። በዚህ ሥርዓት መሠረት ያየ ሰው ያየውን ለንስሐ አባቱ ወይም ለአበ ምኔቱ ብቻ ይናገራል፣ ከሕዝብም ይሰውራል፤ ብዙዎቹ የቅዱሳን ራእዮች የተጻፉት ከእረፍታቸው በኋላ በደቀ መዛሙርቶቻቸው ነው።

ትምህርትንና ተመስጦን በአንድ ሰው ውስጥ አስተባብሮ የሚያሳይ ምሳሌ የሚፈልግ ሰው ከግሼ ባሻገር ወደ ደቡብ ወሎ መመልከት ይበቃዋል። አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ በሐይቅ እስጢፋኖስ ሲማር ትምህርት አልገባው ብሎ ሲያለቅስ ከኖረ በኋላ እመቤታችን ጽዋዐ ሕይወት እንዳጠጣችውና ልቡናው እንደበራ ገድሉ ይተርካል። ይህ ብርሃን ግን ወደ ዋሻ ከቶት አልቀረም፤ በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ መጽሐፈ ምሥጢር የተባለውን፣ የመናፍቃንን ትምህርት አንድ በአንድ የሚመረምር ጥልቅ የሃይማኖት መጽሐፍ ጻፈ፤ መነኮሳት ሌሊት የሚጸልዩትንም ሰዓታት ደረሰ። በሐሰት ተከስሶም በእስር ማቅቋል። ትምህርቱ፣ ዜማውና ራእዩ ከአንድ ሕይወት የወጡ ናቸው።

ሞላሌ ላይ ወይም በመንዝ ሌላ ቀበሌ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ በሆነ ብርዳማ ደጋ ገብስ የሚያርስና በግ የሚያረባ ምእመን የዐሥሩን መዓርጋት ስም ላያውቅ ይችላል፤ የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን ግን በሕይወቱ ያውቃቸዋል። በፍልሰታ ሱባኤ ከነሐሴ 1 እስከ 16 ቤተ ክርስቲያን አጥር ውስጥ ገብቶ ጥሬ ቆርጥሞ፣ ውዳሴውንና ቅዳሴውን ሲከታተል፣ ከወሬ መራቁ ጽማዌ፣ የሚሰማውን ልብ ማለቱ ልባዌ፣ የጸሎቱ ጣዕም ልቡ ውስጥ መግባቱ ጣዕመ ዝማሬ ነው። ይህ ክፍል ለመነኮሳት ብቻ የተዘጋ አይደለም፤ መምህራኑም ምእመኑን ከዚህ በላይ ወዳለው እንዲቸኩል አይመክሩትም።

ዛሬ ይህ ትዕግሥት እየሳሳ ነው። በጠበል ቦታዎች ዙሪያ፣ በከተሞች አዳራሽና በስልክ በሚተላለፉ ምስሎች ላይ ራእይ አየሁ፣ ተላክሁ፣ ስምህን ተነገርሁ የሚሉ ባሕታውያን፣ አጥማቂዎችና ነቢያት ነን ባዮች በዝተዋል፤ የሚያዩትም በአብዛኛው የሌላውን ሰው ድግምት፣ የጎረቤትን ምቀኝነት፣ የአንድን ወገን ጥፋት ነው። እንዲህ ያለው ራእይ ቤተሰብ በጥርጣሬ አፍርሷል፣ ሕሙማንን ከሐኪም አርቋል፣ ለጠብም ምክንያት ሆኗል። በመጻሕፍተ መነኮሳት ሚዛን ሲመዘን ደግሞ የመጀመሪያውን መዓርግ አያልፍም፤ ዝምታ የለውምና። ስድስተኛውንም አያልፍም፤ ጠላት ሳይፈጥር መናገር አይችልምና።

ሦስቱ መጻሕፍት ከአንድምታቸው ጋር በአማርኛ ታትመው በየመንፈሳዊ መጻሕፍት መደብሩ ይገኛሉ፤ የመነኮሳትን ጉባኤ የሚያስተምሩ መምህራን ግን ከሌሎቹ ጉባኤያት ይልቅ ጥቂቶች ናቸው። ስለዚህ የሰሜን ሸዋ አድባራትና በየከተማው ያሉ የአካባቢው ተወላጆች ለዚህ ጉባኤ ወንበርና ለተማሪዎቹ ቀለብ ቢያዘጋጁ ተገቢ ነው፤ ምእመናንም አንድ ሰው አየሁ ብሎ ሲመጣ ከመከተላቸው በፊት ወደ ንስሐ አባታቸው ሄደው፣ መጽሐፉን ገልጠው፣ ባለ ራእዩ ሊጠላ የሚገባ ሰው አለ ብሎ ያስተማራቸው እንደሆነ ይጠይቁ።